ግድግዳው ላይ የቀሩት ክፍሎች

አክስቴን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት እትዬ ድሪቶ በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። ባሏ ቤት ቀቢ ነበር፤ ነገር ካላዋዛ አይሆንለትም። ገና እንደተጋቡ፣ ከምትሠራበት መጋረጃ ቤት ወለል ላይ የሚጠረገውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በከረጢት ሞልታ ስትገባ አየና፣ ሚስት አገባሁ ብዬ ለካ ድሪቶ ነው ያገባሁት አለ አሉ። ስሙ እዚያው ተለጥፎባት ቀረ። ኋላ ደንበኞቿ ሳይቀሩ የእትዬ ድሪቶ ቤት የቱ ጋ ነው እያሉ ሲጠይቁ ትስቃለች እንጂ ቅር አይላትም።

የሚኖሩት ከአንድ ጫማ አዳሽ ሱቅ በላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። መጋረጃ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ አክስቴ የስፌት መኪናዋን መስኮቷ ሥር ተክላ ለራሷ ትሠራለች። ሥራዋ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አልጋ ልብስ መስፋት ነው። ቁርጥራጩን ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ በካርቶን ልክ ትቆርጣለች። ትንንሹን እርስ በርሱ ሰፍታ መዳፍ የሚያህል አራት ማዕዘን ታወጣለች፤ አራት ማዕዘኖቹን ደርድራ ትገጣጥማለች። ከዚያ ከሥሩ ጥጥ ታነጥፍና ገበር አልብሳ ሦስቱንም በእጅ ስፌት አንድ ላይ ትወጋቸዋለች። መቁረጫ ጠረጴዛዋ አልጋው ነው። አልጋው ሥር የጨርቅ ከረጢት ስለተጠቀጠቀ፣ ባሏ ሲተኛ ተራራ ወጣሁ፣ ሲነሳ ተራራ ወረድኩ ይላል።

እኔ የምኖረው ሌላ ሰፈር ነው። እሁድ እሁድ ስጠይቃት ታሪኩን በየጊዜው ቆርሳ ቆርሳ ነገረችኝ፤ የቀረውን ደግሞ በዓይኔ አየሁት።

ነገሩ የጀመረው አክስቴ በሥራዋ በተሰላቸችበት ሰሞን ነው። የምትሰፋቸው ቅርጾች መጋረጃ ቤት ሳለች ከአንዲት አንጋፋ ልብስ ሰፊ የተማረቻቸው ናቸው፤ ኮከብ፣ መሰላል፣ አልማዝ። ሰው ይወዳቸዋል፣ ሳይሸጡ ቀርተው አያውቁም። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና የምትሠራቸው ሆነው ነበር። አንድ እሁድ ኮከብ እየገጣጠመች ሳለ መኪናዋን አቁማ፣ «እጄ ብቻውን ነው የሚሠራው፤ እኔ ከወጣሁ ቆይቻለሁ» አለችኝ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ነርሷ የመጣችው። ነርሷ ጡረታ የወጣች፣ የአክስቴ የድሮ ደንበኛ ናት። ከአክስቴ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ አምስት ፎቅ አሮጌ ሕንጻ ነበር፤ እዚያ ነበር የምትኖረው። ሕንጻው ተሰነጣጠቀና ነዋሪው በሙሉ ከከተማው ዳር ወደተሠራ አዲስ ሕንጻ ተዛወረ። አዲሱ ቤት ውኃው አይቋረጥም፣ ሊፍቱ ይሠራል። ግን ምድር ቤቱ ውስጥ ያለው የጋራ አዳራሽ፣ አለች ነርሷ፣ አራቱም ግድግዳው ነጭ፣ ሲያወሩበት ድምፅ የሚመልስ ባዶ ቤት ነው። ስብሰባ ሲጠራ ሰዉ ይመጣል፣ ተራርቆ ይቀመጣል፣ ሲያልቅ ውልቅ ይላል። አንድ ትልቅ፣ ግድግዳ የሚሞላ ነገር ሰፍተሽ ስጪን አለቻት። አክስቴ ምን ዓይነት ብትላት፣ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ ብላት ሄደች።

አክስቴን የገደላት ይህ ነው። አላወቀችም። ጸጉር ቤት ሄዳ የተደረደሩትን የቤት ማሳመሪያ መጽሔቶች አገላበጠች። የቤት ዕቃ መሸጫዎች መስታወት ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ ምንጣፍና ትራስ ስታይ ዋለች። እኔም ከስልኬ ላይ የሩቅ አገር ሴቶች የሰፏቸውን አልጋ ልብሶች አሳየኋት። ሁሉንም አደነቀች፤ ስፌታቸውን ለማየት ፎቶውን ታሰፋ ነበር። ሲያልቅ ግን፣ «ቆንጆ ናቸው፤ ግን ብሰፋቸው የሰው ቤት ገብቼ የሰው ቀሚስ የለበስኩ ነው የሚመስለኝ» አለች። ወረቀት ላይ ትስላለች፣ ቀድዳ ትጥላለች። ባሏም ሻይ ይዞላት ሲመጣ የቀደደችውን እያነሳ፣ ይህችኛዋ ጥሩ ድመት ነበረች ይላታል፤ አበባ ነበር የሳለችው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ክር ልትገዛ ወጣች። የለመደችው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር በኋላ በኩል ዞረች። አየሩ አቧራ አቧራ ይላል። የማዕዘኑን ፋርማሲ አልፋ ቀና ስትል እግሯ ተተክሎ ቀረ።

አሮጌውን ሕንጻ አፍርሰውት ነበር። ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ የተከመረ ፍርስራሽ ብቻ ነው ያለው። ሕንጻው ከጎኑ ካለው ሕንጻ ጋር ተለጥፎ የተሠራ ስለነበር ግን አንደኛው ግድግዳ አልፈረሰም። እዚያ ግድግዳ ላይ፣ ከምድር እስከ ጣሪያ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ቀርተዋል። ወለል የላቸውም፣ በር የላቸውም፣ የሚኖርባቸው የለም፤ ቀለማቸው ብቻ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ተደርድሮ ቆሟል። እዚህ የሰማይ ሰማያዊ፣ ከእሱ በላይ የደበዘዘ ሮዝ፣ ከጎኑ አረንጓዴ። አንዱ ማድ ቤት ነበር፤ ነጫጭ ሴራሚክ፣ ምድጃው ከነበረበት ወደ ላይ የተበተነ ጥቁር ጥላሸት። አንዱ መኝታ ቤት ነበር፤ ግድግዳው በፀሐይ ጠውልጎ ቁምሳጥን ቆሞበት የነበረው ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ደረጃው ተነቅሎ የደረጃው ጥላ ግን ከሥር እስከ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ማንም በማይደርስበት ከፍታ፣ ምስማር ላይ አንድ የልብስ መስቀያ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

አክስቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ቆመች። በዚህ መንገድ ዕድሜዋን ሙሉ ተመላልሳለች፤ ከውጭ የምታውቀው አንድ አመድማ ሕንጻ ነው። ውስጡ እንዲህ ነበር ለካ። ሰማያዊው ውስጥ የተኛ ሰው ከራሱ በላይ ሮዝ እንዳለ አያውቅም፤ የሮዙ ባለቤት ከጎኑ አረንጓዴ እንዳለ አያውቅም። ጡብ ብቻ ነው የለያያቸው።  ስንት ጊዜ እንደቆየች አታውቅም። የግንባታው ጥበቃ ከአጥሩ በር ወጥቶ፣ «እናቴ፣ ሰው ጠፍቶብዎት ነው?» አላት። የለም፣ እያየሁ ነው አለችው። እሱም ዞሮ የምታየውን አየ፤ ከዚያ ወንበሩን አውጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

ክሩን ሳትገዛ ቤቷ ሮጠች። ባሏን ተነስ አለችው። ጉልበቱን እያመመው፣ ፍርስራሽ ለማየት ብሎ ደረጃ የሚወርድ ሰው አብዷል እያለ፣ በዱላው እየተደገፈ ተከተላት። ማዕዘኑን ሲዞር ግን ኮፍያውን አወለቀ። ከእነዚያ ክፍሎች ግማሹን የቀባው እሱ ነው። ሮዙ ልጅ ሊወልዱ የደረሱ ባልና ሚስት ቤት እንደነበር፣ ባልየው ነጭ ይሁን ሲል ሚስትየው ሮዝ ካልሆነ አልወልድም እንዳለች ነገራት። አረንጓዴውን ሲቀባ ከመሰላል መውደቁንም ነገራት። ነገሩን ሲጨርስ እንደ ልማዱ አልቀለደም።

«እኔ ሥራዬን ሁልጊዜ ውስጥ ቆሜ ነው ያየሁት» አለ። «ቀብቼ ስወጣ በሩ ይዘጋል፤ በቃ፣ አለቀ። አንድ ላይ ቆሞ አየዋለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ የምትሰፋውን አወቀች።

ጥበቃው፣ በፍርስራሹ ቦታ የሚሠራው ሕንጻ ከፍ ማለት ሲጀምር ግድግዳው መሸፈኑ አይቀርም ስላላት ጊዜ አላባከነችም። ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም እየሄደች አየችው። ከከረጢቷ ቁርጥራጭ ይዛ ከመንገዱ ማዶ በክንዷ ልክ ወደ ግድግዳው ዘርግታ ታስተያያለች። አልገጥም አለ። ጨርቁ ሁሉ ይጮሃል፤ የግድግዳው ቀለም ግን ስንት ዘመን የሰው ትንፋሽ ያረፈበት፣ የረጋ ነው። እዚህ ላይ ባሏ ገባበት። ጡረታ የወጣው ቀቢ ድስት ለቅሞ በረንዳው ላይ ምድጃ ዘረጋ፤ አሮጌ አንሶላ እየቀደደ ቀለም ውስጥ ይቀቅል ጀመር። ሰማያዊው ደምቆ ሲወጣበት ፀሐይ ላይ ያከርመዋል፤ አልደበዝዝ ሲለው በድንጋይ ያሸዋል። የነተበውን ነጭ በሻይ ነከሩት። ጎረቤት ምን እየበሰለ ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ መኝታ ቤት እየቀቀልኩ ነው ይላል።

ጥላሸቱ አስቸገረ። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ካውያ ጨርቅ እንዳያቃጥልባት ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት ናት። አሁን ካውያውን አግላ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችና እስኪጠብስ ጠበቀች። ብቻዋን ሳቀች። ደረጃውን ደግሞ ከባሏ የሥራ ቱታ ቆረጠችው፤ የቀለም ፍንጣቂ የሞላበት አሮጌ ቱታ ነበር። ፈቃዱን የጠየቀችው ከቆረጠች በኋላ ነው። እሱም፣ ለወደፊቱ እኔንም ከመቁረጥሽ በፊት አስጠንቅቂኝ አላት።

ጨርቁ ከቤቱ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ፎቅ በፎቅ ሰፋችው፤ አንዱን ስትሰፋ ሌላው ተጠቅልሎ አልጋው ላይ ይቀመጣል። ሁሉንም አገጣጥማ ስትጨርስም ዘርግታ የምታይበት ቦታ አልነበራትም። የሠራችውን ሙሉውን አላየችውም።

ያየችው ከሰዉ ጋር ነው። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰዎች መሰላል ላይ ወጥተው የተጠቀለለውን ጨርቅ በብረት ዘንግ ሰቀሉትና ገመዱን ለቀቁት። እኔም ነበርኩ። ጨርቁ ከላይ ወደ ታች እየተዘረጋ ሲወርድ ፎቆቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ መጨረሻ ላይ የምድር ቤቱ ማድ ቤት ወለሉን ነክቶ ቆመ።   አክስቴ እጄን ጨበጠችኝ።

መጀመሪያ የተነሱት ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቀጥ ብለው ሄደው፣ ቁምሳጥን የነበረበት ነጭ ቦታ ያለበትን ክፍል በመዳፋቸው ነኩት። «መኝታ ቤታችን» አሉ፤ ለማንም አልነበረም የተናገሩት። ከዚያ ሌላው ተነሳ፣ ከዚያ ሌላው። ሰዉ የራሱን ክፍል ሲያገኝ ፊት ለፊቱ እየቆመ፣ ከላይኛው ፎቅና ከታችኛው ፎቅ የነበሩት ተጠጋግተው ቆሙ። አንዷ ሴት ስንት ዓመት ከላይዋ ስትሰማው የነበረው የእግር ኮቴ የማን እንደነበረ ያን ቀን አወቀች፤ ባለ ኮቴው ጎኗ ቆሞ ነበር፤ አፍሮ ይቅርታ ጠየቃት። የሮዙ ክፍል እናት አድጋ በቁመት የበለጠቻትን ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። አክስቴ ማን የት እንደኖረ ሳታውቅ ነበር የሰፋችው፤ አሁን ክፍሎቹ ባለቤታቸውን እየጠሩ ሲያወጡ ቆማ አየች።

አንዲት አሮጊት ግን ጨርቁን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አዩትና ተመልሰው ጥግ ካለው ወንበር ተቀመጡ። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ የነበሩ ናቸው። አክስቴ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች።

«የኔ ቤት የለም» አሏት። ቁጣ አልነበረበትም። እሳቸው የኖሩት በወዲያኛው በኩል ነው፤ ያኛው ግድግዳ ከሕንጻው ጋር ወድቋል፤ ምንም የተረፈ ነገር የለም። «ታዲያ እኔ እዚያ ኖሬ አላውቅም ማለት ነው?» አሉ።

 ሰዉ እያቀፈ ሲያመሰግናት ዋለ፤ እሷ ግን የሰማችው ያንን ብቻ ነው። በማግስቱ ለነርሷ ስልክ ደውላ ጨርቁን አውርዱልኝ አለች። ነርሷ ደነገጠች። ምን በወጣው ይወርዳል፣ ሰዉ ገና አሁን ነው ተጠጋግቶ መቀመጥ የጀመረው ብላ ተሟገተቻት። አክስቴ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ «ጀርባው ባዶ ነው።»

ጀርባው እውነትም ባዶ ነበር፤ ግራጫ ገበር ብቻ። ችግሩ የወዲያኛውን ግድግዳ ሄዳ የምታየው አለመሆኑ ነው። ስለዚህ አሮጊቷን ቤቷ አስመጣቻቸው። አልጋው ላይ ተቀመጡ። ክፍልዎ ምን ቀለም ነበር ስትላቸው ቢጫ አሉ። የትኛው ቢጫ ብላ ከረጢቱን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። አሮጊቷ ሲፈልጉ ቆዩ፤ አንዱን አነሱ፣ ቆይተው ሌላውን አነሱ። ሁለቱም ነው አሉ፤ ይኼ የጠዋቱ ነው፣ ይኼኛው የማታው። መስኮታቸው ፀሐይ መውጫን ያይ ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው አየሩን እየዳሰሱ ክፍሉን ይነግሯት ጀመር፤ መደርደሪያው እዚህ፣ መብራት ማጥፊያው እዚህ፣ በሩ ሲከፈት የሚፍቀው እዚህ። ኮርኒሱ ጥግ ላይ ውኃ ሰርጎ የተወው እድፍ ነበር፤ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ይመስላል። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ጠዋት ስነሳ ሰላም የምላት እሷን ነበር ብለው ሳቁ። አክስቴ ዶሮዋን በሻይ በተነከረ ጨርቅ ሰፋቻት።

ሌሎቹም የወዲያኛው በኩል ሰዎች ወሬውን ሰምተው መጡ። ደረጃው ላይ ተሰልፈው ሲጠብቁ ጫማ አዳሹ ክሊኒክ ተከፈተ እንዴ አለ። አንድ ባልና ሚስት ስለ ገዛ ሳሎናቸው ቀለም ተጣሉ፤ እሱ ክሬም ነው ይላል፣ እሷ ወይን ጠጅ ነው ትላለች። ቀቢው ከበረንዳው ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሁለት ጊዜ ነው የቀባሁላችሁ ብሎ ገላገላቸው። አክስቴም ወይን ጠጁን ከሥር፣ ክሬሙን ከላይ አድርጋ፣ አንዱን ጥግ ሳትሰፋው ተወችው፤ የፈለገ ገልጦ ይይ ብላ።

ስለዚያ ሰሞን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ግድግዳው ተአምር ሆኖባት ነበር። ግን አንድም ጡብ ሳይኖር ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መብራት ማጥፊያውን በጣቱ ሲነካ ማየት ሌላ ነው። «ያኔ ፈራሁ» አለችኝ። «ሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ ውስጡ ሙሉ ቤት ቆሞ ሳየው ፈራሁ።»

ጨርቁ ሲያልቅ ግድግዳ ላይ አልሰቀሉትም። አዳራሹ መሃል ከኮርኒሱ አንጠለጠሉት፤ ሰው በሁለቱም በኩል እንዲዞረው። ያን ቀን የሄድነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰዉ ገና እየገባ ሳለ ፀሐይዋ ዞራ በአዳራሹ ረጅም መስኮቶች ገባችና ጨርቁን ከጀርባው መታችው።

የአሮጊቷን መስኮት ስትሰፋ አክስቴ እንዳይወፍር ብላ ጥጡን ከውስጡ አውጥታለት ነበር። ከፊት በኩል፣ ልክ በዚያ ቦታ ላይ፣ የሽማግሌውን የቁምሳጥን ቦታ የሰፋችበት ስስ ነጭ አንሶላ ነበር። ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ በዚያ ወጣ። በፊት በኩል የቆምነው ያየነው፣ አንድ ክፍል ብቻውን ወገግ ብሎ ሲበራ ነው። ቢጫ ብርሃን፤ መብራት ያበሩ ያህል።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ከዚያ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ለማየት በቀስታ ዞረው ወደ ጀርባው ሄዱ። አሮጊቷ እዚያ ወንበራቸውን ስበው መስኮታቸው ፊት ተቀምጠዋል።

«ይኼ መስኮት የእርስዎ ነው?» አሏቸው።

«አዎ፣ የኔ ነው።»

ሽማግሌው ሌላ ወንበር አምጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ባለቤታቸው በዚያ መኝታ ቤት ስንት ጊዜ ጨለማ ነው እያለች ታማርር እንደነበር ሲነግሯቸው ሰማሁ። አሮጊቷ ደግሞ ፀሐይዋ ስለምታስቸግራቸው መጋረጃ ጥለው ይተኙ እንደነበር ነገሯቸው።

 ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ የአክስቴ ባል ጉልበቱን እያሸ፣ መስኮቱን ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያዋልሽው አውቀሽ ነው ወይስ ሳታውቂ ብሎ ጠየቃት። 

«አውቄ ነው ብል ማን ያውቅብኛል» አለችው። «አላወቅሁም። ጥጡ እንዳይወፍር ብዬ ነው ያወጣሁት።»

እሱም ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚላት አያጣም። ያን ቀን ግን ዱላውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረና በባዶው እጁ እጇን ያዘ፤ እስክንወርድ ድረስ አልለቀቃትም።